ሰሙን ሰብሮ ወርቅ መሻት፤ በልብ ወለድ ሰዎችና በሥልጣን ላይ ስለ ተነሣው አዲስ ትችት

ነቢዩ ናታን ወደ ንጉሥ ዳዊት በገባ ጊዜ ንጉሡን በግልጥ አልወቀሰውም፤ በአንዲት ከተማ የሚኖሩ የሁለት ሰዎችን ታሪክ ነገረው እንጂ። አንዱ ብዙ በግና ላም ያለው ባለጸጋ ነበረ፤ ሁለተኛው በእቅፉ ካሳደጋት ከአንዲት ታናሽ በግ በቀር ምንም የሌለው ድኻ ነበረ። ባለጸጋው እንግዳ በመጣበት ጊዜ ለራሱ መንጋ ሳስቶ የድኻውን በግ ወሰደና ለእንግዳው አዘጋጀ። ዳዊት ይህን ሰምቶ እጅግ ተቈጣ፤ ያን ሰው ሞት ይገባዋል ብሎም ፈረደ። ያ ሰው እርሱ ራሱ መሆኑን ናታን የነገረው ከፈረደ በኋላ ነው። ፈጥሮ የተነገረ ታሪክ በሥልጣን ፊት ቆሞ ለሚሠራው ሥራ ከዚህ የበለጠ ምሳሌ አይገኝም። ዳዊት ስለ በጊቱ ከማዘን ይልቅ «ይህ የባለጸጎችና የድኾች መደብ ነገር ነው» ብሎ ተርጕሞት ቢሆን ኖሮ ፍርዱ ወደ ራሱ ባልተመለሰም ነበር።

በዚህ ዘመን ግን ዳዊትን ከዙፋኑ ሳያነቃንቅ የሚያስመልጥ አዲስ ዐይነት ትችት ተነሥቷል። ከአውሮጳ የመጣውን የሥነ ጽሑፍ ንድፈ ሐሳብ የተማሩ ሐያስያን አንድ ልብ ወለድ መጽሐፍ በእጃቸው በገባ ጊዜ አስቀድመው የሚጠይቁት «በዚህ ታሪክ ሥልጣን የያዘው ማን ነው? የተገዛውስ ማን ነው?» ብለው ነው። ጥያቄው ክፉ አይደለም። ክፋቱ መልሱ ከጥያቄው አስቀድሞ የተዘጋጀ መሆኑ ነው። ገጹ ሳይገለጥ መዝገቡ ተከፍቷል፤ ባላባቱ በጨቋኝ ዓምድ፣ ገበሬው በተጨቋኝ ዓምድ፣ ሴቲቱ በተበዳይ ዓምድ፣ ካህኑ በአታላይ ዓምድ ይጻፋል። ከዚያ ወዲያ መጽሐፉ የሚነበበው በየዓምዱ የሚገባውን ስም ለማግኘት ብቻ ነው። ግብር ሰብሳቢ ወደ አውድማ ሲወርድ የእህሉን ክምር እንጂ የገበሬውን ፊት አያይም፤ ይህም ሐያሲ ወደ ታሪክ የሚወርደው ቍናውን አስቀድሞ ይዞ ነው።

ነገሩ በአየር ላይ እንዳይቀር ሁሉ የሚያውቀውን አንድ መጽሐፍ መያዝ ይገባል። ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በ1958 ዓ.ም. ካሳተሙ ወዲህ፣ በአማርኛ ከተጻፉት ልብ ወለዶች ይህን ያህል የሕዝብ የሆነ የለም ቢባል የሚከራከር ሰው ጥቂት ነው። ያላነበበው በሬዲዮ ሰምቶታል፤ የወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ ከመጽሐፉ ጋራ ተዋሕዶ፣ ዛሬ መጽሐፉን በዐይኑ የሚያነብ ሰው እንኳ በልቡ የሚሰማው ያንኑ ድምፅ ነው። ደራሲው በጎጃም ተወልደው፣ ቅኔ ቤት ገብተው፣ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ዘምተው፣ ተማርከውም በጣሊያን አገር ታስረው፣ ከነጻነት በኋላ በአምባሳደርነትና በሚኒስትርነት ያገለገሉ ሰው ናቸው። እንግዲህ ሥልጣንን ከታችም ከላይም ያዩት ናቸው፤ በባዕድ ታስረውበታል፣ በአገራቸውም ተሹመውበታል። ስለ ሥልጣን የጻፉትን ነገር በሁለት ዓምድ ከፍሎ መጨረስ ይቻላል ብሎ የሚያስብ ሰው ደፋር ነው።

ታሪኩ የታወቀ ስለ ሆነ ማርዘም አያስፈልግም። የቦጋለ መብራቱና የውድነሽ በጣሙ ልጅ በዛብህ በሕፃንነቱ ለእግዚአብሔር በስእለት የተሰጠ ነው፤ ቅኔ ተምሮ ሲጨርስ የፊታውራሪ መሸሻን ልጅ ሰብለ ወንጌልን ያስተምር ዘንድ ወደ ቤታቸው ይገባል። ፊታውራሪው ልጃቸውን በዘር የሚተካከላት ባል አጥተው እንዲያው ያስቀመጧት ናቸው። መምህሩና ተማሪዪቱ ይዋደዳሉ፤ ከዚያ በኋላ ያለው መከራ ሁሉ የዚህ ፍሬ ነው። ከዚያው ቤት ዘመድ የሆነው ካሣ ዳምጤ፣ ሰው ጉዱ ካሣ የሚለው፣ የሚያየውን ሁሉ ይነቅፋል፤ ገበሬዎችም ከወትሮው የበዛ ግብር በተጠየቁ ጊዜ በአበጀ በለው መሪነት እምቢ ይላሉ።

ይህን መጽሐፍ በዓምድ መክፈል ዛሬ አልተጀመረም። ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ መጻሕፍት በመደብ ሚዛን ይመዘኑ በነበረበት ጊዜ ፊታውራሪ መሸሻ የፊውዳል ሥርዓት፣ አበጀ በለው የገበሬው ትግል፣ ጉዱ ካሣ የተራማጁ ምሁር ምልክት ሆነው ተቈጠሩ። ያ ሚዛን ከገበያ ወጥቷል፤ ልጁ ግን ቀርቷል። «መደብ» የነበረው «ሥልጣን» ተባለ፣ «ትግል» የነበረው «ተቃውሞ» ተባለ፤ የስም ለውጥ ነው እንጂ ቍናው ያው ነው።

በዚህ ላይ የሚነሣው ክርክር ከአውሮጳ የመጣ ሁሉ ይጣል የሚል አይደለም፤ እንዲህ የሚል ሰው አርስጣጣሊስንም ሊጥል ነው። ሩስያዊው ቭላዲሚር ፕሮፕ እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር በ1928 ባሳተመው መጽሐፍ የአገሩን ተረቶች መርምሮ፣ ድርጊታቸው በ31 ክፍል፣ የሰዎቻቸውም ሚና በ7 ወገን እንደሚጠቃለል አሳይቷል። ይህ የቅን ሰው ሥራ ነው፤ ስለ ምን ቢሉ በፊቱ የነበሩትን ተረቶች አንድ በአንድ ቈጥሮ ያገኘውን ተናገረ እንጂ ያላገኘውን አልጨመረም። ፎርስተር የተባለው እንግሊዛዊ ደራሲ በ1927 የልብ ወለድ ሰዎችን ጠፍጣፋና ድቡልቡል ብሎ ከፈለ፤ ጠፍጣፋው በአንድ ዐረፍተ ነገር የሚያልቅ፣ ድቡልቡሉ ግን አንባቢውን ሊያስደንቀው የሚችል ነው። ይህም ለማስተማሪያ ይረዳል። ሁለቱም መሣሪያ ናቸው፤ መሣሪያ ደግሞ ለያዘው ሰው ይታዘዛል። የዛሬው ሐያሲ ግን መሣሪያውን አይዝም፤ መሣሪያው ነው እርሱን የያዘው።

የቅኔ ቤት ልጅ ይህን ስሕተት የሚያውቀው በሌላ ስም ነው። አንጥረኛ ጌጥ ለመሥራት በፈለገ ጊዜ አስቀድሞ ሰሙን ይቀርጻል፤ በሰሙ ላይ ጭቃ ይለብጣል፤ በእሳት ሲያሞቀው ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፤ ወርቁም በባዶው ቦታ ይፈሳል። ሰምና ወርቅ የተባለው ቅኔ ስሙን ያገኘው ከዚህ ነው። ይህን የሰማ ጀማሪ ተማሪ ብዙ ጊዜ አንድ ነገር ይሳሳታል፤ ሰሙ ቀልጦ የሚጠፋ ስለ ሆነ ዋጋ የሌለው ይመስለዋል። ስለዚህ ምሥጢሩን ብቻ አስቦ ሰሙን እንደ ነገሩ ያበጃል። መምህሩ ግን ቅኔውን ሲቀበል በመጀመሪያ የሚመረምረው ሰሙን ነው፤ ታሪኩ ይያያዛልን? ምሳሌው በራሱ ይቆማልን? ባለቤቱና ማሠሪያው ይስማማሉን? ሰሙ የተጣመመ እንደ ሆነ ወርቁም የተጣመመ ነውና ቅኔው ይመለሳል። በልብ ወለድም ሰዎቹ ሰም ናቸው፤ ስለ ሥልጣን የሚነገረው ነገር ወርቅ ነው። ሰሙን ሰብሮ ወርቁን የሚሻ ሐያሲ የሚያገኘው ቅርጽ የሌለው ድብልብል ብረት ነው፤ እርሱንም ከማናቸውም መጽሐፍ ሊያገኘው ይችል ነበር።

ፊታውራሪ መሸሻን እንውሰድ። በዓምዱ ላይ የጨቋኝ ባላባት ናቸው። ስለ ዘራቸው ይኰራሉ፣ በገበሬው ላይ ግብር ይጨምራሉ፣ ልጃቸውን በምርጫዋ አይድሩም፤ ዓምዱ ሞላ። ነገር ግን መጽሐፉን ያነበበ ሰው ሁሉ የሚያውቀው አንድ ነገር በዓምዱ ውስጥ አልገባም፤ ፊታውራሪው ያስቃሉ። በገበሬዎቻቸው ላይ ጦር ሰብቀው ሲነሡ፣ ኋላም በእነዚያው ገበሬዎች እጅ ሲወድቁ፣ አንባቢው እየሳቀ ሳለ ሳቁ ወደ ኀዘኔታ ይመለስበታል። ፎርስተር ጠፍጣፋ ሊላቸው ይችል ነበር፤ አሳባቸው ሁሉ በአንድ ዐረፍተ ነገር፣ «የእነ እገሌ ዘር ነኝ» በሚለው ያልቃልና። ዳሩ ግን በዚያች በአንዲት ዐረፍተ ነገር ታስረው የሚንፈራገጡ ሽማግሌ ናቸው፤ በልጃቸው ደጅ ላይ ያቆሙት ዘብ እርሳቸውንም እንዳይወጡ ይጠብቃቸዋል። ልጃቸውን ያለ ባል ያስቀረ ያው ዘር የራሳቸውንም ቤት ያለ ወራሽ ሊያስቀረው ነው። በዚህ ታሪክ ከሥልጣናቸው የተጠቀሙበት ቀን የትኛው ነው ተብሎ ቢጠየቅ መልስ ማግኘት ያስቸግራል።

ሐያሲው ይህን ሳቅ ስለ ናቀው የሚያጣው ነገር ብዙ ነው። ፊታውራሪ መሸሻ የመሬት ስሪት ብቻ ከሆኑ፣ የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ ነው ተብሎ በታወጀበት በየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ሞተዋል። እንግዲህ ዛሬ መጽሐፉን የሚያነብ የከተማ ሰው፣ የቢሮ ሹም ቢሆን፣ ነጋዴ ቢሆን፣ መምህር ቢሆን፣ ስለ ሞተ ሰው ያነባልና ምንም አይነካውም። ባላባትነት ድሮ ቀረ፤ ፊታውራሪውም ከባላባትነት ጋራ ተቀበሩ፤ ዳዊትም በባለጸጋው ላይ ፈርዶ ወደ ማዕዱ ተመለሰ። ነገር ግን በዚያው ከተማ ሽማግሌ ተልኮ ልጅ ሲጠየቅ፣ የተማረውና የለበሰው አባት ስለ ልጁ አመል ከመጠየቁ አስቀድሞ «የማን ልጅ ነው? አገሩስ ወዴት ነው?» ብሎ ይጠይቃል። መሬት የሌለው፣ ጭሰኛ የሌለው፣ ጋሻ ጃግሬ የሌለው ፊታውራሪ መሸሻ በኪራይ ቤት ሊኖር ይችላል። ሳቁ የሚያገኘው እርሱን ነው፤ ዓምዱ ግን ያስመልጠዋል። ስለ ሥልጣን አጥብቆ የሚናገረው ትችት ለባለ ሥልጣን መሸሸጊያ ሲሆን ከማየት የሚብስ ምን አለ?

ከሁሉ ይልቅ የሚያስቈጨው ግን ሌላ ነው። በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ከፊታውራሪው ጭፍራ የሚበረታ ሥልጣን አለ፤ እርሱም በማንም ዓምድ አልተጻፈም። ስእለት ነው። በዛብህን ከሰብለ ወንጌል የሚለየው የፊታውራሪው ቍጣ ብቻ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ቀላል ነበር፤ ከቍጣ በሌሊት መሸሽ ይቻላል። ከእናት ቃል ግን ወዴት ይሸሻል? ልጇ እንዳይሞትባት የፈራች እናት «ከማረልኝ ለአንተ ይሁን» ብላ ተሳለች። ጭካኔ የለበትም፤ ርስት የለበትም፤ ማዕረግ የለበትም። ከፍቅር የወጣ ነው። ይኸው ከፍቅር የወጣ ቃል ልጁን በየሄደበት ይከተለዋል፤ ሲወድ ይከሰዋል፤ ሳያሠር ያሥረዋል። የድኻ ሴት ቃል በፊታውራሪ አፍ ከሚወጣ ትእዛዝ በርትቶ ሲገኝ፣ ጨቋኝና ተጨቋኝ ብሎ መዝገብ የከፈተው ሐያሲ እናቲቱን ወዴት ሊያገባት ነው?

ይህን ያዩ ዘንድ ንድፈ ሐሳቡ ራሱ ይረዳቸው ነበር፤ በደንብ አንብበውት ቢሆን። ሚሼል ፉኮ የተባለው ፈረንሳዊ በ1975 ስለ ወኅኒ ቤት ባሳተመው መጽሐፍ፣ ቤንታም የተባለው እንግሊዛዊ ሁለት መቶ ዓመት ገደማ አስቀድሞ ያቀደውን አንድ ዐይነት እሥር ቤት ያነሣል። በመካከል ግንብ አለ፤ በዙሪያው የእሥረኞች ክፍል አለ፤ በግንቡ ላይ ያለው ዘበኛ እሥረኞቹን ያያል፣ እነርሱ ግን እርሱን አያዩትም። ስለዚህ እሥረኛው ሁልጊዜ የሚታይ እየመሰለው ራሱን በራሱ ይጠብቃል፤ በግንቡ ላይ ሰው ባይኖርም። ፉኮ ከዚህ ተነሥቶ የተናገረው፣ ሥልጣን እንደ በቅሎና እንደ ጋሻ አንዱ ይዞት ሌላው የሚያጣው ንብረት አይደለም፤ በሰው ለሰው ግንኙነት ሁሉ ውስጥ የሚሠራ፣ ከታችም የሚነሣ ነው ብሎ ነው። የአገራችን ደቀ መዛሙርቱ ስሙን በየገጹ እየጠሩ፣ ሥልጣንን ግን እንደ በቅሎ በፊታውራሪው ደጅ ታስሮ ሲፈልጉት ይገኛሉ። በዛብህ ግን ባዶውን ግንብ በልቡ ተሸክሞ አባይን የተሻገረ ሰው ነው።

እዚህ ላይ የመጻሕፍት ሰው ሊጨምረው የሚችል፣ የንድፈ ሐሳብ ሰው ግን የማያስበው ነገር አለ። ስእለት በብሉይ ኪዳን በሁለት ሰዎች ታሪክ ጎልቶ ይታያል። ሐና ልጅ ስጠኝ ብላ ተስላ ሳሙኤልን ጡት ባስጣለችው ጊዜ ወደ ሴሎ ወሰደችው። ዮፍታሔ ደግሞ ከጦርነት በደኅና ብመለስ ከቤቴ ደጅ ሊቀበለኝ የሚወጣውን እሰጣለሁ ብሎ ተሳለ፤ የወጣችው አንዲቱ ልጁ ነበረች። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው ቢሉ፣ ሳሙኤል በሌሊት በስሙ ተጠርቶ ራሱ አቤት አለ፤ የእናቱ ስእለት የእርሱ ፈቃድ ሆነ። የዮፍታሔን ልጅ ግን ስእለቱ በተነገረ ጊዜ የጠየቃት የለም፤ ወጥታ አገኘችው። ደግሞም ልብ ማለት ይገባል፤ በስእለት የተሰጠው ሳሙኤል ኢዮኤልና አብያ የተባሉ ልጆች ነበሩት። ለመቅደስ መሰጠት ከጋብቻ መከልከል አልነበረም። በኦሪት ዘሌዋውያን በሃያ ሰባተኛው ምዕራፍ ሰው የተሳለ እንደ ሆነ በዋጋ የሚቤዥበት ሥርዓት ተጽፏል፤ ከአንድ ወር እስከ አምስት ዓመት ለሆነው ወንድ ልጅ 5 ሰቅል ብር ነው፤ ከሃያ እስከ ስድሳ ዓመት ለሆነው 50 ሰቅል ነው፤ ተሳዩ ድኻ ቢሆን ካህኑ እንደ ዐቅሙ ይገምትለታል። ሕጉ በር ነበረው። ለበዛብህ ግን በሩ አልተከፈተም። እንግዲህ ያሰረው ሕጉ አይደለም፤ ሕጉን ሳያውቅ ከሕጉ ይልቅ የበረታ ፍርሃት ነው። ስለ ሥልጣን የሚጽፍ ሰው ከዚህ የሚበልጥ ምን ርእስ ይፈልጋል?

የስም ነገር በዚህ አጋጣሚ ሳይነሣ አይታለፍም። ኅብር ያጠና ጆሮ «በዛብህ» ሲባል ቤዛ የሚለውን ቃል ሳይሰማ አይቀርም፤ ቤዛ የታጣለት ልጅ ስሙ በዛብህ ሆነ። «መሸሻ» መጠጊያ ማለት ነው፤ በእርሳቸው ዘንድ የሚሸሽ የለም፣ ከእርሳቸው የሚሸሽ እንጂ። «ካሣ» የጠፋውን የሚተካ ነው። ደራሲው አስበውበት ይሁን ወይም አይሁን መከራከር ይቻላል፤ ሮላን ባርት የተባለው ፈረንሳዊ በ1967 ደራሲ ሞቷልና አሳቡን አትጠይቁ ያለውን የሚከተሉት ሐያስያን ግን በዚህ ቅር ሊላቸው አይገባም። የደራሲውን አሳብ ካልጠየቁ ቃሉን ይጠይቁ።

ሌላም ያልተጠየቀ ነገር አለ። ፉኮ በ1976 ባሳተመው መጽሐፍ፣ የምዕራብ ቤተ ክርስቲያን ምእመን ሁሉ በዓመት አንድ ጊዜ ኃጢአቱን ለካህን እንዲናዘዝ ማድረጓ በሰው ነፍስ ላይ ሥልጣን የሚገባበትን በር እንደ ከፈተ ጽፏል። ሥርዓቱ የተወሰነው በ1215 በላተራን በተደረገው የሮማውያን ጉባኤ ነው። ይህን ያነበበ የእኛ ሐያሲ ወዲያው ወደ ፊታውራሪው የነፍስ አባት ዘወር ይልና «እነሆ፣ የነፍስ ዘበኛ!» ይላል። ነገር ግን በላቲን አገር ያለው ተናዛዥ ከመጋረጃ በስተጀርባ ላለ፣ ፊቱንም ለማያይ ካህን ይናገራል። የኢትዮጵያ የነፍስ አባት ቤተኛ ነው፤ በበዓል ይጠራል፣ ከማዕዱ ይቀመጣል፣ ልጆቹን በስማቸው ያውቃል። ድኻ ቤት የገባ እንደ ሆነ አባት ነው። ጌታ ቤት የገባ እንደ ሆነ ግን ማን በማን ላይ ሥልጣን አለው? በመጽሐፉ ውስጥ ፊታውራሪው የነፍስ አባታቸውን አይፈሩም፤ የነፍስ አባታቸው ነው የፊታውራሪውን ፊት አይቶ የሚናገር። ዘበኛው ከግንቡ ወርዶ በእሥረኛው ማዕድ ተቀምጧል። የደራሲው ወቀሳ እዚህ ላይ ነው፤ የካህኑ ሥልጣን መብዛቱን አልወቀሱም፣ ሥልጣኑን ስለ እንጀራ መተዉን እንጂ። ከላተራን የመጣው ቍና ይህን ሊሰፍር አይችልም፤ ነገሩን ገልብጦ ያስነብባል።

ይህን በማንሣት ለካህናቱም የሚነገር አለ። ከእነርሱ መካከል መጽሐፉን ገና በሩቁ የሚሸሹ አሉ፤ ክህነትን ያዋርዳል፣ ጉዱ ካሣም አፉ ልክ የለውም ይላሉ። እነዚህ ከሐያሲው ጋራ የሚጣሉ ይመስላቸዋል፤ ንባባቸው ግን ያው የእርሱ ነው። ሐያሲው በመጽሐፉ ያለው ካህን ካህናትን ሁሉ ይወክላል ብሎ ደስ ይለዋል፤ እነርሱም ይወክላል ብለው ይቈጣሉ። ሁለቱም ሰውየውን አላዩትም። ነቢያት በእስራኤል ካህናት ላይ የተናገሩት በተሰበሰበ ጊዜ የጉዱ ካሣ ንግግር ለስላሳ ሆኖ ይገኛል፤ ያንንም የነቢያት ቃል ቤተ ክርስቲያን በየጉባኤው ታስነብበዋለች።

ስለ ጉዱ ካሣም ቢሆን የተለመደው ፍርድ ልክ አይደለም። የደራሲው አፍ ነው ይባላል፤ ደራሲው በራሳቸው ስም ሊናገሩት ያልወደዱትን በእርሱ አስነገሩ ይባላል። ይህ እውነት የሆነበት ወገን አለ። ነገር ግን ደራሲው ለዚህ አፍ ምን ዋጋ እንዳስከፈሉት ማየት ይገባል። ካሣ ስለ ማኅበሩ ሥሪት፣ የታችኛው ድንጋይ የላይኛውን ተሸክሞ ስለሚኖርበት ካብ፣ የፈለገውን ሊናገር የቻለው ሰው እብድ ስላለው ነው። ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ በሚባልበት አገር ንጉሥን ለመክሰስ የተሰጠው ፈቃድ አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም ጉድ ተብሎ መጠራት ነው። ማኅበሩ ካሣን አፉን አልዘጋውም፤ ጆሮውን ግን ዘጋበት፤ ይህ ከእሥር የሚረቅቅ ቅጣት ነው። በዚያውም ላይ ካሣ የዚያው ቤት ዘመድ መሆኑ መረሳት የለበትም። ይህንኑ ነገር አንድ ገበሬ ተናግሮት ቢሆን እብድ ተብሎ በነጻ አይለቀቅም ነበር። የተናገረውን ብቻ ለቅሞ ከየንግግሩ ትምህርት የሚያወጣ ሐያሲ፣ ንግግሩ በምን ፈቃድና በምን ዋጋ እንደ ተነገረ ሳይጠይቅ ይቀራል፤ ስለ ሥልጣን የሚያጠናው ግን እርሱ ነኝ ይላል።

ሰብለ ወንጌል ቀርታለች። በዓምዱ ላይ የአባቷ ሥልጣን ሰለባ ተብላ ተጽፋለች። እውነት ነው፣ በአባቷ ቤት ሳለች እንደዚያ ናት። ነገር ግን በዛብህን ፍለጋ ከአባቷ ቤት ስትወጣ ምን ለብሳ ወጣች? የመነኩሴ ልብስ። በወንድ ልብስ መጓዝ በአማርኛ ልብ ወለድ ከመጀመሪያው አለ፤ አፈ ወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. በሮም ባሳተሙት «ልብ ወለድ ታሪክ» ጦቢያ የተባለችው ልጅ ወንድሟን ልትፈልግ የወንድ ልብስ ለብሳ ትወጣለች። ጦቢያ ግን ከአደጋ ለመዳን ለብሳው፣ አደጋው ሲያልፍ አወለቀችው። ስለ ሴትና ስለ ሥልጣን የሚጽፉ ሐያስያን ሁለቱን በአንድ ላይ አስቀምጠው፣ ልብስ የወንድን ሥልጣን ለሴት ያውሳል ብለው ያልፋሉ። በጦቢያ ላይ ይህ ይበቃል። በሰብለ ወንጌል ላይ አይበቃም። እርሷ የለበሰችው የወንድን ልብስ ብቻ አይደለም፤ በዛብህን ከእርሷ የለየውን የዚያን የስእለት ልብስ ነው። የተከለከለችበትን አጥር መንገድ አድርጋ ሄደችበት። ደርሳም በሞት አፋፍ አገኘችው። ለማሳሳት የለበሰችውን ልብስ ከዚያ በኋላ በእውነት ለበሰችው፤ መነኰሰች።

ይህን ሽንፈት ነው የሚሉ አሉ፤ ሥርዓቱ መልሶ ዋጣት ይላሉ። ድል ነው የሚሉም አሉ፤ ማንም ባል ሊመርጥላት አልቻለም ይላሉ። የአንድምታ መምህር ቢሆን ሁለቱንም «አንድም» ብሎ ያስቀምጣቸውና፣ ከንባቡ ጋራ የሚስማማው የትኛው እንደ ሆነ ይጠይቅ ነበር፤ ንባቡን ሳይዙ መተርጐም በእርሱ ዘንድ አይፈቀድምና። ንባቡ ደግሞ እንዲህ ይላል፤ ሦስቱ በአንድ መቃብር ተቀበሩ፣ የፊታውራሪ መሸሻ ልጅ፣ የፊታውራሪ መሸሻ ዘመድ፣ የውድነሽ በጣሙም ስእለት።